ደጀ ሰላም

«ሁለት ጊዜ ወጥቼ አየሁት» አሉኝ ጋሼ፣ ሁለተኛውን ስኒ ከረከቦቱ ላይ እያነሱ።

ያዩት መኪናቸው ውስጥ ትተውት የገቡትን ሽጉጥ ነው።

ቤታቸው ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ሽቅብ በሚወጣው መንገድ፣ ከፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙም ሳይርቅ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሩቅ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን በስተሰሜን በረዶ ለብሶ ከሚታየው ተራራ። እኛም ከሩቅ መጥተን የሰፈርን ነንና ስሙ ይስማማናል። ከታች በሬኒየር ጎዳና እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅና ቡና የሚፈላበት ቤት አይጠፋም፤ ሌሊት ደግሞ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። ጋሼ በዚህ ጎዳና ታክሲ ሲነዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ሌሊት ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ አንገታቸው ላይ ስለት አሳረፈ። በሳምንቱ ፖሊስ ዘንድ ሄደው አሻራ ሰጡ፤ ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ሲወጡ ሽጉጡ ከወገባቸው ተለይቶ አያውቅም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚካሄድ የጠመንጃ ገበያ፣ እዚህ «ገን ሾው» ወደሚሉት፣ ሄደው ነበር። የፈለጉት አንድ የቆዳ ማህደር ብቻ ነው። በር ላይ ግን ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አስቆማቸው። በወገብ የታጠቁት መሣሪያ አይገባም፣ መኪናዎ ውስጥ ይተዉት አላቸው። ፈቃዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሰውዬው አላየውም። ወደ መኪናቸው ተመለሱ፣ ሽጉጡን ከመቀመጫው ሥር ሸሸጉ፣ ቆለፉ፣ ገቡ። ገብተው ግን አላረፉም። ማህደሩን ሳይመርጡ ወጡና መኪናውን አዩት። ተመልሰው ገቡ፤ እንደገና ወጡ።

«ሌባ መሰልኩት?» አሉኝ። «ያ ሁሉ ጠመንጃ በተደረደረበት አዳራሽ የእኔ አንድ ሽጉጥ ነው የከበደው?»

ጥያቄያቸው ከእኔ ጋር አደረ። ሕግ አክብሮ ፈቃድ ያወጣ ሰው በጠመንጃ ገበያ በር ላይ «የታጠቅኸውን ፍታ» ሲባል እሺ ማለት አለበት? አለበት እላለሁ። ነገር ግን በሩም ዕዳ አለበት። ዕዳውን ያልከፈለ በር እሺታን ይጠይቅ እንደሆነ እንጂ አይገባውም።

የጋሼን ቅሬታ እንደ ዋዛ ማለፍ አይቻልም። የዋሽንግተን ስቴት ሕገ መንግሥት ከተጻፈበት ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ራሱን ለመከላከል መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይሸረሸር በአንደኛው አንቀጽ፣ በ24ኛው ክፍል ደንግጓል። ሽጉጥ ሸሽጎ ለመያዝ ዕድሜ 21 መሙላት፣ አሻራ መስጠትና የኋላ ታሪክን ማስመርመር ያስፈልጋል። ከልካይ ነገር ካልተገኘ ፖሊሱ ወይም ሸሪፉ ፈቃዱን የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ፈቃዱም 5 ዓመት ያገለግላል። ጋሼ ይህን ሁሉ አልፈዋል። ቤት ንብረቱን ጥሎ ከመጣ ስደተኛ አንጻር ደግሞ ያች ካርድ ከካርድ በላይ ናት፤ አገሩ መርምሮ «አንተን አምንሃለሁ» ያለበት ወረቀት ናት። ያችን ወረቀት ሳያዩ «አይገባም» ማለት በሰውየው ጆሮ «አላምንህም» ማለት ነው።

ነገር ግን በሩ የጠየቀው ስለ ጋሼ ጠባይ ነበር?

በወገብ ያለ ሽጉጥ የሚያውቀው የአንድ ሰው እጅ ነው። በገበያ ያለ ሽጉጥ ግን የማንም እጅ ነው። በግ ገዢ ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን መዝኖ፣ ጥርሱን ገልጦ እንደሚያይ ሁሉ ጠመንጃ ገዢም ያነሳል፣ ያነጣጥራል፣ ያቀባብላል፣ ቃታውን ስቦ ይፈትናል። አፈሙዙ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ይህን የሚያስችለው አንድ የጋራ እምነት ነው፦ እዚህ ያለ ጠመንጃ ሁሉ አልጎረሰም። አማርኛችን ጥይት የገባበትን መሣሪያ «ጎረሰ» ይለዋል፤ ለወዳጅ አፍ በምናደርገው ነገር ስም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ የጎረሰ መሣሪያ ካልጎረሱት ጋር ቢቀላቀል ማን ይለየዋል? ለዚህ ነው ለሽያጭ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ ከፍተው የሚያዩት፤ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በጣት የሚዳስሱት፤ እንዳይተኩስም በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚጠፍሩት።

ጋሼ «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ማለት ይወዳሉ፤ ያዡንም የተያዘበትንም ለማለት ነው። በገበያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በገበያ የሚያቆስለው «ባዶ ነው» የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2013 በአንድ ቀን በሦስት የአሜሪካ ስቴቶች በተካሄዱ ሦስት የጠመንጃ ገበያዎች አምስት ሰዎች ሳይታሰብ በተተኮሰ ጥይት ቆሰሉ። ኦሃዮ ውስጥ፣ መዳይና ላይ፣ አንድ ነጋዴ የገዛውን ሽጉጥ ሲፈትሽ ካዝናው ወጥቶ ነበር፤ አንዲት ጥይት ግን ውስጡ ቀርታ ኖሮ ጓደኛውን አቆሰለችው። ነጋዴ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጨዋነትም ሙያም አላዳነውም፤ ሊያድነው የሚችለው የበሩ ፍተሻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆሜ ብደመድም ለጋሼ ፍርድ አጓድላለሁ። የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሁለት አደጋዎች ለእሳቸው ይመሰክራሉና። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ራሊ ላይ፣ ጥይቱ የባረቀው እዚያው መግቢያው አጠገብ ነው፤ ሰውየው ለማስፈተሽ የጠመንጃውን ከረጢት ዚፕ ሲከፍት። ሦስት ሰው ቆሰለ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ደግሞ አንዱ ከገበያው ወጥቶ መሣሪያውን መልሶ ሲያጎርስ የገዛ እጁን መታ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን አነሱ፦ «አየህ! የማይነካ ሽጉጥ አይተኩስም። ወገቤ ላይ ቢተዉት ኖሮ ማንን ይጎዳ ነበር? አውጣ፣ አራግፍ፣ አጉርስ፣ መልስ ሲሉ ነው ጣጣው።»

እውነት አላቸው። ክልከላ አደጋን አያጠፋም፤ ቦታ ያዛውረዋል። ከአዳራሹ ያወጣውን ወደ በሩና ወደ መኪና ማቆሚያው ይወስደዋል። የዋሽንግተን ሕግ ሰው የሌለበት መኪና ውስጥ የሚተው ሽጉጥ ከተቆለፈ በር ጀርባ፣ ከውጭ እንዳይታይ ተሸሽጎ መሆን አለበት ይላል፤ ጋሼም ያንኑ አድርገዋል። ቢሆንም የመኪና መስኮት በድንጋይ ይሰበራል። በጠመንጃ ገበያ ደጃፍ የቆመ መኪና ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል ደግሞ ሌባም ያውቃል። ከመስኮት የወጣ ሽጉጥ ማታ በሬኒየር ጎዳና የምንሰማው ተኩስ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ወጥተው ያዩት ለንብረታቸው ሳስተው ብቻ አይደለም። መሣሪያው ከእጃቸው ወጥቶ የማን ልጅ ላይ እንደሚያርፍ አስበው ነው። ይህ የጥሩ ሰው ጭንቀት ነው።

ሌላም ይላሉ። ክፉ ሰው በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አንብቦ አይመለስም፤ ከደጅ ትጥቁን የሚፈታው ደጉ ብቻ ነው። ይህን ክርክር አላቃልልም። ነገር ግን በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ አንድ ተኩስ ቢሰማ፣ መቶ ደግ ሰዎችም በአንድ ጊዜ ሽጉጣቸውን ቢመዙ፣ እያንዳንዱ ደግ ሰው የሚያየው ሽጉጥ የመዘዙ ዘጠና ዘጠኝ ሰዎችን ነው። የትኛው ነው ክፉው? ደግነት በግንባር ላይ አይጻፍም። ክፉውን ማስቆም ያለበት በሩ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ ወደ በሩ ይመጣል።

ይህ ክርክር በአሜሪካኖች መካከል ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃ ነበር። ጋሼ ግን የጎንደር ገጠር ልጅ ናቸው፤ «ፍታ» የሚለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይገባም። በእኛ አገር «ትጥቅ ማስፈታት» ደም የተቋጠረበት ቃል ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የልዑል ራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን፣ አትነኩም የሚል ቃል ተቀብለው ፍቼ ላይ ለኢጣሊያኖች እጃቸውን ሰጡ። ቃሉ አልተጠበቀም፤ ተገደሉ። ይህን የሰማ አባት ለልጁ የሚነግረው ስለ ጠመንጃ ብቻ አይደለም። «አምኖ የፈታ ምን እንደሆነ አይተናል» ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህም የመጣ መንግሥት ሁሉ ገበሬውን መሣሪያህን ቁጠር፣ አስመዝግብ፣ አስረክብ ሲለው ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ሲከለክል፣ በወረቀት የተጻፈው የፈቃድ ሥርዓት ነበር፤ በብዙ ሰው ጆሮ የገባው ግን ያው የቆየው ቃል ነው። በአማራ ምድር ባለፉት ዓመታት የፈሰሰው ደምም ቃሉን የበለጠ አከበደው።

እንዲህ ከሆነ በሲያትል አቅራቢያ ያለ የገበያ በረኛ አንድ ቃል ተናግሮ የዘጠና ዓመት ቁስል ነካ ማለት ነው። እሱ አያውቅም። እኛ ግን ልናውቅ ይገባናል፤ አውቀንም ሁለቱን ነገር መለየት ይገባናል። አንዱ መንግሥት ወይም ጠላት በጉልበት የሚወስደው ነው፤ ስሙ ምርኮ ነው። ሌላው ባለቤት ወደ ሰው ቤት ሲገባ ከደጅ የሚያኖረው ነው። ይህ ስሙ ሌላ ነው፤ ስሙንም ከጋሼ አፍ ነው ያገኘሁት።

የሲያትል ከተማ ራሷ ይህን ልዩነት በፍርድ ቤት ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ልጆች በሚበዙባቸው የመናፈሻና የመዝናኛ ቦታዎቿ መሣሪያ እንዳይገባ ደንብ አወጣች። በ2011 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጦር መሣሪያ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የስቴቱ ነው፣ ከተማዋ ይህን ማድረግ አትችልም ብሎ ወሰነ። የአደባባይ ሕግ በአደባባይ ሥልጣን ይወጣል። የጠመንጃ ገበያ አዘጋጅ ግን ደግሶ እንደጠራ ባለቤት ነው፤ በአዳራሹ ጣራ ሥር የእሱ ወግ ይከበርለታል። እንግዳ ካልተስማማው መመለስ ይችላል። ቤት ገብቶ «በራሴ ወግ እቀመጣለሁ» ማለት ግን ከጨዋ አይጠበቅም።

«አባትዎ ጠመንጃ ነበራቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ።

ዓይናቸው በራ። ምንሽር ነበረው አሉ፤ ሰደፉ በእጅ ብዛት እንደ መስታወት የለሰለሰ። እሑድ እሑድ ዝናሩን ታጥቆ፣ ምንሽሩን አንግቶ፣ እሳቸውን በፊት አስቀድሞ ወደ ደብሩ ይወርዳል። ከቅጥሩ በር ሲደርስ ጥይቱን ያራግፋል። ዝናሩን ይፈታል። ምንሽሩን ከሌሎቹ ጠመንጃዎች ጋር ግንቡን አስደግፎ ያቆማል፤ ምንሽሩ ከባላገሩ አሮጌ ውጅግራ አጠገብ፣ የባላባቱ ቤልጅግ ከሁለቱም አጠገብ። ከዚያ ጫማ ያለው ጫማውን አውልቆ ይሳለማል።

«አንዱም ይዞ አይገባም?»

«ማን ይዞ ይገባል! ቤተ እግዚአብሔር ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው አለ። በዚያ ቀን ወደ ውስጥ መግባት ያልተገባው ሰው ከደጅ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። እሱ ይጠብቃል። አደራው የሱ ነው።»

አደራ። የፈለግሁት ቃል ይህ ነበር። ምርኮ የወሰደ ሰው ምንም ዕዳ የለበትም፤ አደራ የተቀበለ ሰው ግን ከባለቤቱ ይልቅ ነቅቶ ያድራል። በአገራችን ከስድብ ሁሉ የከፋው «አደራ በላ» መባል የሆነው ለዚህ ነው። ያ በር ከጋሼ አባት ምንሽሩን ሲቀበል ሦስት ነገር አብሮ ሰጥቷል፦ ጠባቂ ሰጥቷል፤ የባላባቱንም የባላገሩንም አንድ ግንብ ላይ አስደግፏል፤ ቅዳሴው ሲያልቅም ለእያንዳንዱ የየራሱን መልሷል። ስሙም በግዕዝ ደጀ ሰላም መሆኑ ይስማማዋል፤ የሰላም ደጃፍ። በቅጥሩ ውስጥ ሰላም ያለው ደጃፉ አደራ ስለሚጠብቅ ነው።

ይህ የድሮ ወግ ለዚህ አገር አይሆንም የሚል ካለ፣ የዋሽንግተንን ሕግ ራሱን ላሳየው። የስቴቱ ሕግ መሣሪያ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት መግባትን ይከለክላል። ከከለከለ በኋላ ግን ዝም አይልም። ከልካዩ የአካባቢ መስተዳድር በዚያው ሕንጻ ውስጥ ሽጉጥ የሚይዝ ቁልፍ ያለው ሳጥን እንዲያኖር፣ ቁልፉንም ለባለቤቱ እንዲሰጥ፣ ያም ካልሆነ መሣሪያውን ተቀብሎ የሚጠብቅ ሹም እንዲመድብ ያዛል። በቸልተኝነት ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው መስተዳድሩ ነው። ይህን ሕግ ሳነብ የደብሩ ደጃፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሰለኝ። ፍርድ ቤቱ ለባለሽጉጡ «መኪናህ ውስጥ ተው» ብሎ አልሸኘውም። «ከእኔ ዘንድ አኑረው፣ ቁልፉ ያንተ ነው» አለው።

ስለዚህ ለጠመንጃ ገበያ አዘጋጆች የምለው ይህ ነው፦ መከልከላችሁ ልክ ነው፤ መከልከላችሁ ብቻውን ግን አይበቃም። ሳጥንና ቁልፍ አኑሩ። መሣሪያ የሚራገፍበትን ቦታ ከሰው ራቅ አድርጉት፤ ሳይታሰብ ቢባርቅ ጥይቱን የሚውጥ አሸዋ የሞላበት በርሜል አቁሙ፤ የራሊ በር ያስተማረው ይህን ነው። የሚያራግፍ ሰው ሲቸኩል እጁን ያዝ የሚያደርግ የሠለጠነ ጠባቂ ይኑር። ሻጭ ነው፣ ወዳጅ ነው፣ የአዘጋጁ ዘመድ ነው ብላችሁ አንዱንም አታሳልፉ። «መኪናህ ውስጥ ተው» ማለት ግን አደራን ለጎዳና መስጠት ነው።

ለጋሼና እንደ ጋሼ ላሉት ደግሞ ሌላ አለኝ። «ፈቃድ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ከሌላ ሰው የምንቀበለው ነው፤ ፖሊሱ አትሞ የሚሰጠን ወረቀት። ሌላው ከውስጣችን የሚወጣው ነው፤ «በፈቃዴ አደረግሁት» የምንለው። ባለፈቃድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይገባል። ወረቀቱ ሽጉጡን መያዝ እንደሚችል ይመሰክራል፤ ማኖር እንደሚችል የሚመሰክረው ግን የገዛ ፈቃዱ ብቻ ነው። ይዞት ሊገባ የሚችለውን ነገር ስለ ሌላው ሰው ዕረፍት ብሎ ከደጅ የሚያኖር ሰው ክብሩ አይቀንስም። የማያውቀው ሕፃን በአባቱ ትከሻ ሆኖ በዚያ አዳራሽ ሲያልፍ ከእሱ በኩል አንዳች እንዳያሰጋው አደረገ። ይህን ስጦታ የሰጠውን ሕፃኑ አያውቀውም። ማኖር ያልቻለ ሰው ግን ሽጉጡን ታጠቀ አይባልም፤ ሽጉጡ ነው እሱን የታጠቀው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። በመስኮቱ በኩል ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማል። ተራራው በዚያ ቀን አይታይም ነበር፤ ደመና ውጦታል።

«እንግዲያው ማህደሩ ይቆየኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሳጥን ያለው በር እስካገኝ ሽጉጡን ቤት ቆልፌ እሄዳለሁ።»

ልነሳ ስል አንድ ነገር ቀረኝ። ያ የአንድ ቀን ጠባቂ፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ ግንብ ላይ ተደግፎ፣ ቅዳሴው ደግሞ ረጅም።

«አባትዎ ውስጥ ሆነው አይሰጉም ነበር? ወጣ ብለው አያዩትም ነበር?»

ጋሼ ስኒውን ይዘው ቆዩ፤ ሕፃን ሆነው ከአባታቸው ነጠላ ሥር የቆሙ ይመስል።

«አንድም ቀን» አሉ። «አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየውም።»